በሕልሜ ጾም ገደፍኩ፦ የጸጸትና ከቁጥጥር የመውጣት ሕልም ስንፈታ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሁዳዴ ሲጋመስ «ሌሊቱን ጥብስ ስበላ አደርኩ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነቅቶም ልቡ አይረጋም፤ በእውኑ ጾም የገደፈ ያህል ሲብሰለሰል ይውላል። እንዲህ ያለውን ሕልምም ሆነ መኪና እየነዱ ፍሬን እምቢ የሚልበትን ስንፈታ ደጋግመን እንሳሳታለን።

በሕልም የሆነውን እንደ ሥራ መቁጠር። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሲጋራ ካቆሙ ከ1 እስከ 4 ሳምንት የሆናቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ሲሶዎቹ በሕልማቸው ሲያጨሱ አይተዋል። አብዛኞቹ እዚያው ሕልሙ ውስጥ ሲጋራውን በእጃቸው ሲያገኙት ደንግጠዋል፣ ተጸጽተዋል። እያጨሱ ሳሉ ግን እንዲህ ያለ ሕልም አያዩም ነበር ማለት ይቻላል። እንዲያውም ሕልሙን ያዩት ሰዎች ሳያጨሱ የመዝለቅ ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥብሱም እንደዚያው ነው፤ የማይጾም ሰው ምን ብሎ ይጸጸታል? የሃይማኖቱ ጥያቄ ካስጨነቀዎት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ እንጂ ሰፈር ለሰፈር አያስፈቱ።

ከስሜቱ ይልቅ በሕልም ከታየው ዕቃ መጀመር። ጥርስ ወለቀ፣ ዘመድ ይሞታል፤ ጥሬ ሥጋ ታየ፣ በሽታ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው መባሉ በከንቱ አይደለም፤ ያንኑ ዕቃ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይፈታዋል።

የፍሬኑን ሕልም ትንቢት ማድረግ። አብዛኛው ደማቅ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ዓይን ይንከራተታል፣ አንጎል ይሠራል፤ የእጅና የእግር ጡንቻ ግን ይዝላል፤ በሕልም ፍሬኑ አልታዘዝ የሚለን ምናልባት ለዚህም ይሆናል። ዱካክ የምንለውም ጡንቻው ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ነው። ስለዚህ «መኪናው ምንድን ነው?» ከማለት «ሰሞኑን ከእጄ የወጣው ጉዳይ የቱ ነው?» ማለት ይሻላል። ሁለት ሰዎች መክፈል ያቆሙበት የዕቁብ ሰብሳቢ መልሱን ሩቅ አይፈልግም። ያው ቅዠት ከተመላለሰ ደግሞ ቀን ላይ ጽፈው መጨረሻውን እንደፈለጉ ይለውጡትና አዲሱን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በሐሳብዎ ይከልሱት። ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

አካልን መርሳት። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅዠት ሊበረታበት ይችላል። እንደ ፕሮፕራኖሎል (የደም ግፊትና የልብ) እና ኢፋቪሬንዝ (የኤች.አይ.ቪ.) ያሉ መድኃኒቶችም ሕልምን ሊያከብዱ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ላዘዘልዎ ሐኪም ይንገሩ።

«ሕልም ነው» ብሎ መተው። ይሄኛው ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው። አንዳንዱ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ፣ ሕልሙን በአካሉ ይኖረዋል፦ ይጮሃል፣ ይራገጣል፣ አጠገቡ የተኛችውን ሚስቱን ይመታል፣ ከአልጋ ይወድቃል። ጠዋት ሲነግሩት በኀፍረት ይሸማቀቃል። እዚህ ላይ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም፤ በእንቅልፍ መዛል የነበረበት ጡንቻ ሳይዝል ቀርቶ ነው። ጠበሉም ይቀጥል፣ የነርቭ ሐኪም ግን ሳይታይ አይቅር፤ ምልክቱ ከፓርኪንሰን በሽታ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላልና። እስከዚያው ስለታም ነገርና ብርጭቆ ከራስጌ ይነሣ፣ ባልና ሚስትም አልጋ ቢለዩ አይከፋም።