ፍሪቢኤስዲ ላይ ዴስክቶፕ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍሪቢኤስዲ (እንደ ሊኑክስ ያለ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ተጭኖ ሲያልቅ የሚያገኙት ጥቁር ስክሪንና የጽሑፍ መግቢያ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዴስክቶፑን ራስዎ ይጨምሩበታል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፦ መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ቀጥሎ ኤክስኦርግ (ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም)፣ ዴስክቶፑ መጨረሻ። (ትእዛዞቹን የጻፍናቸው በአነባበባቸው ነው።)

ድራይቨሩን ሳይሞክሩ፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እንዲጫን መመዝገብ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በ«ፒኬጂ» (ፕሮግራም ማስገቢያው ትእዛዝ) የግራፊክስ ድራይቨሮቹን ፓኬጅ «ዲአርኤም-ኬሞድ»ን ካስገቡ በኋላ፣ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነው በ«ኬኤልዲሎድ» ትእዛዝ ሞጁሉን (ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር የሚቀላቀለውን የድራይቨር ፋይል) በእጅዎ ያስነሱ፤ ለኢንቴል «አይ915ኬኤምኤስ»፣ ለአዳዲስ ኤኤምዲ «ኤኤምዲጂፒዩ»፣ ለአሮጌዎቹ «ራዲዮንኬኤምኤስ»። ጽሑፉ ደቀቅና ጠራ ካለ ሠርቷል። ማሽኑ ከደረቀም ምንም ስላልተመዘገበ አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። ሳይሞክሩ ከመዘገቡት ግን በተነሳ ቁጥር እዚያው ይደርቃል። ያኔ ቡት ሜኑው ላይ 2 ተጭነው በሲንግል ዩዘር (ለጥገና በሚሆነው አነሳስ) ይግቡ፣ «ማውንት -ዩ /» ብለው ዲስኩን ለመጻፍ ይክፈቱና የመዘገቡትን መስመር ይሰርዙ።

የተሳሳተ ፋይል። ሞጁሉ የሚመዘገበው ሲስተሙ ሲነሳ በሚያነበው የማስተካከያ ፋይል፣ «አርሲ.ኮንፍ» ውስጥ፣ «ኬኤልዲ_ሊስት» በሚለው መስመር ነው። የቡት ሎደሩ ፋይል «ሎደር.ኮንፍ» ውስጥ አያስገቡት፤ ከርነሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲጫን አልተሠራም።

የከርነል ስሪት አለመጣጣም። የዲአርኤም ፓኬጅ ለአንድ የከርነል ስሪት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሲስተሙን አሻሽለው ሞጁሉ «ስሪቱ አይገጥምም» ብሎ እምቢ ካለ፣ ከከርነልዎ ጋር አንድ የሆነውን ሶርስ ኮድ «ዩኤስአር/ኤስአርሲ» ውስጥ አስቀምጠው ከፖርትስ (ፕሮግራሞችን ከሶርስ ኮድ መገንቢያው ስብስብ) ራስዎ ይገንቡት። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን አስተማማኝ ነው።

የ«ቪዲዮ» ግሩፕን መርሳት። ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ግን ይንቀራፈፋል፣ ፕሮሰሰሩም ይግላል፤ የግራፊክስ ካርዱ ፈቃድ ስላልተሰጠዎት ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወድቋል። «ፒደብሊው ግሩፕሞድ ቪዲዮ -ኤም» ብለው የተጠቃሚ ስምዎን ይጨምሩ፤ ከዚያ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

ከሌላ ማሽን የተቀዳ የኤክስኦርግ ማስተካከያ ፋይል («ኤክስኦርግ.ኮንፍ»)። ኤክስኦርግ ዛሬ ካርዱንም ስክሪኑንም ራሱ ይለያል። የተቀዳው ፋይል የሌለ ካርድ እንዲፈልግ ያዘዋል፤ ስሙን ቀይረው ያለ እሱ ይሞክሩ።

ሎጉን (ኤክስኦርግ ሲነሳ የሆነውን የሚጽፍበትን ፋይል) ከመጨረሻው መስመር ማንበብ። «ቫር/ሎግ» ውስጥ «ኤክስኦርግ.0.ሎግ»ን ከፍተው «ኢኢ» (ስህተት) የሚል ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ይፈልጉ። መጨረሻ ላይ የሚታየው «ስክሪን አልተገኘም» ውጤቱ ነው፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ ባሉት «ኢኢ» መስመሮች ላይ ተጽፏል።