ከምግብ ጋር የሚስማማ የኮት ዱ ሮን ቀይ ወይን እንዴት ተቀምሶ ይመዘናል?

ዋጋው የማይከብድ፣ ለማዕድ የሚስማማ የፈረንሳይ ቀይ ወይን መርጦ መመዘን ለሚፈልግ ሰው ከኮት ዱ ሮን የተሻለ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1937 በሕግ የጸደቀ ሲሆን ከቪዬን ከተማ እስከ አቪኞን ከተማ በሮን ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉትን እርሻዎች ያቅፋል፤ አብዛኛው ምርት ግን የሚገኘው ከሞንቴሊማር ከተማ በታች ካለው ሞቃታማ ደቡብ ነው። የዚያ አካባቢ ዋና የወይን ዝርያ ግረናሽ ነው። የእንጆሪ ጣዕሙና ከፍ ያለው አልኮል ከእሱ ሲመጡ፣ ከሌሎቹ ዝርያዎች ሲራ ጥቁረትንና የቁንዶ በርበሬን ሽታ፣ ሙርቬድር ደግሞ ጥንካሬን ይጨምሩለታል።

በጠርሙሱ ላይ «ኮት ዱ ሮን» ብቻ ከተጻፈ መሠረታዊው ደረጃ ነው፤ «ቪላዥ» የሚለው ቃል ከተጨመረበት ጠበቅ ያለ ደንብ ተከትሎ ተመርቷል ማለት ነው፤ የመንደር ስም ሲከተለውም ደንቡ ይበልጥ ይጠብቃል። ወርቃማ የሜዳልያ ተለጣፊን ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ከዚያ ይልቅ የምርት ዘመኑንና የአልኮሉን መጠን ማየት ይጠቅማል፤ መሠረታዊው ደረጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ስለሆነ ማቆየቱ አያሻሽለውም።

ብዙውን ጊዜ ወይኑ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው በሙቀቱ ምክንያት ነው። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ የቆየ ግረናሽ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬውም እንደ ማርማላታ ይከብዳል። ስለዚህ ከመቅመስዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድርሱት።

ቀለሙ ብዙ አይናገርም፤ አዲስ ወይን ጠርዙ ላይ ቡናማ ከሆነ ብቻ ይጠራጠሩ። ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ሞልተው፣ ሳያወዛውዙ አንድ ጊዜ፣ አወዛውዘው ደግሞ ሌላ ጊዜ ያሽትቱ። የረጠበ ካርቶን ሽታ ካለው ቡሹ አበላሽቶታልና ጠርሙሱን መመለስ ነው። የተለኮሰ ክብሪት ሽታ ግን የግድ ጉድለት አይደለም፤ ሲራ አየር ሲያንሰው እንዲህ ስለሚሸት፣ ብርጭቆው ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሲቀምሱ መጠነኛ ጉንጭ ይዘው፣ በከንፈርዎ መካከል ትንሽ አየር እየሳቡ ወይኑን በአፍዎ ሁሉ ያዳርሱ። የኮምጣጣነቱን ልክ ምራቅዎ ይነግርዎታል፤ ወይኑን ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ አፍዎ በምራቅ ካልረጠበ ወይኑ ሕይወት ይጎድለዋል። ታኒኑን፣ ማለትም ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣውን ንጥረ ነገር፣ በድድዎ ላይ ይፈልጉት፤ ብዙ የፈላ ሻይ እንደሚያደርገው አፍ ያደርቃል፤ በጥሩ ኮት ዱ ሮን ላይ ግን ይሰማል እንጂ አይቧጥጥም። ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ቃጠሎ አልኮሉ ነው፤ 14.5 በመቶ ሆኖ የማያቃጥል ወይን እንዳለ ሁሉ፣ 13.5 በመቶ ሆኖ የሚያቃጥልም አለ፤ ስለዚህ ፍርዱን ለቁጥሩ አይተዉት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን ግማሽ ፍርድ ነው፤ ለማዕድ የተሠራ ወይን ያለ ምግብ ሊፈረድበት አይገባም። በጦስኝና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ የበግ ሥጋ ያቅርቡና፣ አንድ ጊዜ ወይኑን ብቻ፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ ከዚያም መልሰው ወይኑን ይቅመሱ። ጨውና ስብ የታኒኑን ሸካራነት ስለሚያለዝቡ፣ በመጀመሪያው ጉንጭ ደረቅ የመሰለው ወይን በሁለተኛው የፍሬ ጣዕሙ ጎልቶ ሊወጣ ይችላል። ጣፋጭነት ያለው መረቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወይኑ ኮምጣጣና ቀጭን ይመስላል። የሚያቃጥል ቅመምም አልኮሉን ያባብሰዋል። ሥጋ ለማይበሉ የደቡብ ፈረንሳይ ራታቱይ፣ ማለትም በዘይት የበሰለ ደበርጃን፣ ዙኪኒና ቲማቲም፣ ይህንኑ ሙከራ በሚገባ ያስተናግዳል፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት በተለይ ሕይወት የጎደለውን ወይን ያጋልጣል።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ወይኑ የቱን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው አይደለም፤ ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ የሥጋው ጣዕም አለ ወይ የሚለው ነው። ብቻውን ሲጠጣ ያስደነቀ፣ በበርሜል እንጨት ሽታ የከበደ ወይን በማዕድ ላይ ምግቡን ሲጋርድ፣ ቀለል ያለውና ርካሹ አብሮት ይሄዳል፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የተረፈውን ቡሹን መልሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግሥቱም የእንጆሪው ሽታ ካልጠፋና ኮምጣጤነት ካልጀመረው፣ ከዚያው የምርት ዘመን ጥቂት ጠርሙሶች መጨመር ይቻላል።