ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ስትመለሱ ሰፈር አትቀይሩ

እስፓኒሽ እየተማራችሁ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ለሁለተኛ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያረፋችሁበት ሰፈር ተመለሱ። መንገዱን ስለምታውቁት ጭንቅላታችሁ ለቋንቋው ነፃ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ገበያ ያዙ። ሮማ ሱር ሰፈር ያለው መርካዶ ሜዴዪን በጣም አሪፍ ነው፤ የኮዮአካን ሰፈሩም ጥሩ ነው። ሱፐርማርኬት ይቅርባችሁ። ዋጋው ተለጥፏል፣ ከማንም ጋር ሳታወሩ ትወጣላችሁ። ገበያ ውስጥ ግን አቮካዶውን እያሳያችሁ «አ ኮሞ ኤል ኪሎ?» ብላችሁ ዋጋ ትጠይቃላችሁ። ሻጯም «ፓራ ኦይ ኦ ፓራ ማኛና?» ትላለች፤ ለዛሬ ነው ለነገ ማለቷ ነው። እንደ መልሳችሁ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች የበሰለውን ወይም ጠንከር ያለውን ትመርጥላችኋለች። በማግስቱም እሷው ጋ ሂዱ። ፊታችሁን የለመደ ሰው ቀስ ብሎ ያወራችኋል፣ ስትሳሳቱም ያርማችኋል። ይሄን የትኛውም አፕ አይሰጣችሁም።

ንግግሩ ከፈጠነባችሁ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» በሉ፤ እባክዎ ቀስ ይበሉ ማለት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ በሚበሉ ሰዎች አጠገብ ስታልፉ «ፕሮቤቾ» (መልካም ምግብ እንደማለት) ማለት እዚያ ወግ ነው፤ አትፈሩ፣ በሉት። ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ ከቀየሩባችሁም እናንተ በእስፓኒሽ መመለሳችሁን ቀጥሉ። አብዛኛውን ጊዜ እነሱም ይመለሳሉ።