በመንፈሳዊ ሕይወት ጀማሪ ሳሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባቶች የመንፈሳዊ ሕይወት ተጓዦችን ወጣኒ (ጀማሪ)፣ ማእከላዊና ፍጹም ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። ጉዞውንም በዐሥር መዓርጋት ይቆጥሩታል። ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ በንጽሐ ሥጋ (በሥጋ ንጽሕና)፤ አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት በንጽሐ ነፍስ (በነፍስ ንጽሕና)፤ ንጻሬ መላእክት (መላእክትን ማየት)፣ ተሰጥሞ ብርሃንና ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ በንጽሐ ልቡና (በልብ ንጽሕና)። የመጀመሪያዋ ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ መሆኗን ልብ ይበሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ወጣኒው የራሱን ልክ ራሱ ሲቆርጥ ነው።

በግለት ብዙ ጀምሮ ሁሉንም መተው

ይህ ከሁሉ ይበዛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ሰው የዕለቱን ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክአ መልኩን፣ በዚያ ላይ መቶ ስግደት በአንድ ቀን ይጀምራል። የሰኞ ዳዊት ብቻውን ሦስት ንጉሥ ነው፤ ሠላሳ መዝሙር ማለት ነው። በሥራ የሚውል ሰው ሁለት ሳምንት ይይዘዋል፣ በሦስተኛው መዝለል ይጀምራል፣ ቀጥሎ «ካቋረጥኩ ወዲያ ምን ዋጋ አለው» ብሎ አቡነ ዘበሰማያትንም ይተዋል። መዝለሉ ሳይሆን ይህ ተስፋ መቁረጥ ነው የሚጎዳው።

ለጀማሪ የሚሸከመው ይበቃዋል፦ ጠዋት የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያምና ሁለት መዝሙር፤ ማታ ከመኝታ በፊት መዝሙር 50። ይህን ሁለትና ሦስት ወር ሳያቋርጡ ከያዙ በኋላ በንስሐ አባት ፈቃድ ይጨምሩ። አንድ ቀን ቢያመልጥ በማግስቱ የዕለቱን ብቻ ይጸልዩ፤ ያለፈውን ለማካካስ መደራረብ ዳግመኛ ያደክማል። ግእዝ የማይሰሙ ከሆነ ከሁለቱ መዝሙር አንዱን በአማርኛ ያንብቡ፤ ከንፈር ብቻውን ሲሮጥ ልብ ሌላ ቦታ ይውላል።

በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ቆማ መፈጸም ላይሆንላት ይችላል። እጇ ሥራ ላይ ሳለ በልቧ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብትል ጸሎት ነው፤ ያልቻለችውን እያሰበች ራሷን አታስጨንቅ።

ሌላም አለ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት የረቡዕና የዓርብ ጾም፣ የንስሐ ስግደትም የለም። ብዙዎች ግን አብረው ጸሎቱንም ያቆሙታል፤ በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። የተነሣው ጾሙና ስግደቱ እንጂ ጸሎቱ አይደለም።

ጾምን የምግብ ዝርዝር ማድረግ

ሥጋና ቅቤ ቀርቶ በምትኩ የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ ከፍስኩ የበለጠ የተንቆጠቆጠ በያይነቱ። እንዲህ የተጾመ ጾም ሆድን አያስርብም፣ ለኪስም ምንም አያተርፍም። ኢሳይያስ 58 ጾምን የሚገልጸው እንጀራን ለተራበ በመቁረስ ነው። ስለዚህ በጾሙ ወቅት የቀረውን ወጪ ለይተው ያስቀምጡ፤ ጾሙ ሳይፈታም ለችግረኛ ይስጡ። የመብያ ሰዓቱንም ከንስሐ አባት ጋር ይወስኑ። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ሳይማከሩ አይጀምሩ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙም ለአባቱም ይንገር።

የንስሐ አባትን ለጠበል መርጫና ለተዝካር ብቻ መፈለግ

ብዙ ቤት የንስሐ አባት አለ፤ ንስሐ ግን የለም። አባ በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ በልተው ጠጥተው መርቀው ይሄዳሉ። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ልጁ አንድም ቀን «አባቴ፣ የምናዘዘው አለኝ» ብሎ ጊዜ አልጠየቀም።

ሲናዘዙ ደግሞ ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው ጥቅል ንግግር ነው፦ «ያው ሰው ነኝ፣ ያልሠራሁት የለም» ማለት ምንም አለመናገር ነው። ሁለተኛው የባልን፣ የሚስትን፣ የአለቃን ኃጢአት መናዘዝ። ሦስተኛው ከባዱን ይዞ ቀላሉን መዘርዘር፤ ከባዱን ለማያውቋቸው ሌላ ካህን መንገርም ከዚሁ ይቆጠራል። ይልቅ ከመሄድዎ በፊት ኃጢአቱን በስሙ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመና ምን እንደሚቀሰቅሰው በአጭሩ ይጻፉ፤ ከተናዘዙ በኋላ ወረቀቱን ያቃጥሉ። መንስኤው ካልተነገረ አባት የሚሰጡት ቀኖና ከቁስሉ ጋር አይገጥምም። ቀኖናው ከብዶ ካልተፈጸመ አይጥፉ፤ ተመልሰው ይንገሯቸው፣ ማቅለልም መለወጥም ይችላሉ።

ቅዱስ ቁርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ነው ማለት

ይህ ልማድ ሰውን በጉልምስናው፣ ፈተና በሚበዛበት ዕድሜ፣ ከመድኃኒቱ ያርቀዋል። «ወጣት ነኝ፣ እሳሳታለሁ» የሚል ሰው ቁርባንን እንደ ሽልማት አይቶታል። ጌታ በዮሐንስ 6 «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ሲል ዕድሜ አልለየም። መንገዱ ግልጽ ነው፦ ተናዝዞ ቀኖናን መፈጸም፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፣ ባለትዳሮች ከሆኑ ተስማምተው ከሩካቤ መከልከል፣ ከመቀበል በፊት 18 ሰዓት መጾም፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስቀደስ።

ሕልምና ራእይ ማሳደድ

ንጻሬ መላእክት ስምንተኛው መዓርግ ነው። ጽማዌን ያልያዘ፣ ገና ምላሱን ያልገታ ሰው ከስምንተኛው ልጀምር ሲል ለማታለያ ራሱን ያመቻቻል፤ ሰይጣን የብርሃንን መልአክ ሊመስል እንደሚችል ሐዋርያው በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 ጽፏል። አንዳች ነገር ቢያዩ ለንስሐ አባትዎ ብቻ ይንገሩ፤ በዚያ ላይ ተመሥርተው ጋብቻ አይወስኑ፣ ሥራም አይልቀቁ፣ ለሌላ ሰውም ትንቢት አይናገሩ።

ዕድገትን በቁጥር መለካት

ስንት ስግደት፣ ስንት ንጉሥ ዳዊት፣ ስንት ገዳም ተሳለምኩ እያሉ መቁጠር ወዲያው ያልጾመውን ወደ መናቅ ይወስዳል። በገላትያ 5 የተዘረዘሩት ዘጠኙ የመንፈስ ፍሬዎች፣ ከፍቅር እስከ ራስን መግዛት፣ አብዛኞቹ ያለ ሌላ ሰው አይታዩም። ስለዚህ ጾሙ ሲያልቅ የሚመረመረው ቤት ውስጥ ነው፦ ምሳ ሲዘገይ ምን ተናገርኩ? የቤት ሠራተኛዋን በምን ድምፅ ጠራኋት? ያኮረፍኩትን ወንድሜን ስንት ቀን አቆየሁት?