በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ለሚጠፋ ሰው፦ ቀልብን እንዴት መመለስ ይቻላል?

ብርጭቆ እያጠብኩ ነው። ውሃው ይፈሳል፤ ድምፁ ግን ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። እጆቼን አያቸዋለሁ፣ የኔ አይመስሉኝም። ብርጭቆው ከጠራ ቆይቷል፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜያለሁ።

ይህን የምታውቁት ካላችሁ፣ ስሙ ዲሶሲዬሽን ነው። አእምሮ ከሰውነት፣ ከስሜት ወይም ከአካባቢ ለጊዜው ይነጠላል። ለረጅም ጊዜ በተደጋገመ ጥቃት ውስጥ ባለፉ፣ በተለይ በልጅነታቸው መውጫ ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። እግር መሸሽ ሲያቅተው አእምሮ ብቻውን ይሸሻል። ያኔ ጠብቋችኋል። የሚያስቸግረው፣ አደጋው ካለፈ ከዓመታት በኋላም አንድ ሽታ ወይም ቆጣ ያለ ድምፅ ሲያጋጥመው ያንኑ መድገሙ ነው። እብደት አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባው ውስብስብ የድኅረ አደጋ ጭንቀትን፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ የተደጋገመ ጥቃት በኋላ የሚመጣውንና ዲሶሲዬሽንም አብሮት ሊታይ የሚችለውን ችግር፣ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል።

መጀመሪያ አመጣጡን እወቁ። ድንገት የመጣ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ምልክት አለው፦ ድምፅ ይርቃል፣ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ ፊት ይደነዝዛል። ከተመለሳችሁ በኋላ ሦስት መስመር ጻፉ። ምን እያደረግኩ ነበር? ከማን ጋር? ሰውነቴን ቀድሞ ምን ተሰማው? ጥቂት ሳምንት ስትጽፉ የራሳችሁን ምልክት ታገኙታላችሁ፤ በጊዜ ከያዛችሁት ደግሞ መመለሱ በጣም ይቀላል።

ምልክቱ ሲመጣ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። እየነዳችሁ ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ምድጃ ላይ ከሆናችሁ አጥፉት። ከዚያ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ ጫን አድርጉ። ስማችሁን፣ ዕድሜያችሁን፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና የት እንዳላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ዕድሜን የምለው በምክንያት ነው፤ ውስጣችሁ ያለው ፍርሃት የስምንት ዓመት ልጅ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። እጃችሁን እዩት፣ የትልቅ ሰው እጅ ነው።

ቀጥሎ አንድ ነገር ያዙ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ በረዶ፣ ቁልፍ፣ ሸካራ ጨርቅ። ይዛችሁ ብቻ አትቀመጡ፣ ግለጹት፤ ቁልፍ ከሆነ ለምሳሌ፦ ጥርሱ ይወጋል፣ አንገቱ ጋ ዝጓል፣ መጀመሪያ ቀዝቅዞ ነበር አሁን ሞቀ። አምስት የሚታይ፣ አራት የሚዳሰስ፣ ሦስት የሚሰማ፣ ሁለት የሚሸተት፣ አንድ የሚቀመስ ነገር መቁጠርም የታወቀ ዘዴ ነው፣ ግን እኔ በጣም ርቄ ስሄድ ቁጥሩ ራሱ ይከብደኛል። ለኔ አንድ ቁልፍ ይሻለኛል።

ትንፋሽ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። በጥልቀት ቶሎ ቶሎ መሳብ ያዞራል፣ ማዞሩም መራቁን ያባብሰዋል። እንደወትሮው ሳቡና ማስወጫውን አርዝሙት። ይህን ሁሉ ደህና በሆናችሁበት ሰዓት ተለማመዱት፣ ምክንያቱም ቀልብ ሲጠፋ አዲስ ነገር አይታወስም፣ እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

ስትመለሱ ትደክማላችሁ። ውሃ ጠጡ፣ ትንሽ ተራመዱ። «ምን ነበር ያስታወሰኝ?» ብላችሁ የድሮውን ቁስል ብቻችሁን አትቆፍሩ።

ለአንድ የምታምኑት ሰው ደህና ሳላችሁ ንገሩት። ሳይጠይቅ እንዳይነካችሁ፣ እንዳይጮህ፣ ስማችሁን ቀስ ብሎ እየጠራ «እኔ ነኝ፣ ቤት ነን» እንዲላችሁ አስረዱት። ብዙ ሰው ደንግጦ ትከሻ ይዞ ይነቀንቃል፤ ከቅንነት ነው፣ ግን የባሰ ያርቃል።

ሰዓታት ከጠፉባችሁ፣ እንዴት እንደደረሳችሁ የማታውቁት ቦታ ራሳችሁን ካገኛችሁ፣ ወይም ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ጊዜ ሳትሰጡ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚጥል በሽታ፣ እንቅልፍ ማጣትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያመጡ መመርመሩ ይጠቅማል። የሥነ ልቦና ሕክምና ስትጀምሩም ስለ መራቁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ታሪካችሁን እያወራችሁ እየራቃችሁ ከሆነ ባለሙያው ላያውቅ ይችላል፣ ከውጭ ሲታይ ዝም ብላችሁ የምታዳምጡ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር በአንድ ምልክት ተስማሙ። እኔ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አደርጋለሁ፤ ያኔ ወሬው ይቆምና መጀመሪያ እግሬን መሬት ላይ እፈልጋለሁ።