ብቻ ሲበሉና ከጓደኛ ጋር ሲበሉ፦ ልዩነቱ እንዴት ይለካል?

ሰው ከወዳጆቹ ጋር ማዕድ ሲቀርብ ብቻውን ከሚበላው አብልጦ ይበላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ደ ካስትሮ ሰዎች የበሉትን ሁሉ በየማዕዱ እንዲመዘግቡ እያደረገ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል። መዝገብ ግን ምክንያቱን አይነግርም፤ እንግዳ የመጣ ዕለት ምግቡም ይጣፍጣልና። ምክንያቱን ለመለየት አንዱን ምግብ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለት ሁኔታ አቅርቦ መመዘን ያስፈልጋል። ከታች ያለው አሠራር ለሥነ ልቦናና ለሥነ ምግብ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት አቅም የሚሆን ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ የገብስ ቆሎ ምረጡ። እንጀራ በወጥ አይመከርም፤ እንጀራው ወጡን ስለሚመጥ ለየብቻ መመዘን አይቻልም፣ እርጥበቱም በተቀመጠበት ይተናል። ቆሎ ግን ክብደቱን ይጠብቃል፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነም ተሳታፊው የበላውን ቆጥሮ ራሱን አይቆጣጠርም። ሱፍና ኦቾሎኒ አይግባበት፦ ሰው ኦቾሎኒውን ለቅሞ ይጨርስና ቀሪውን ይተዋል፤ አለርጂም አለ። ቆሎው በሙሉ በአንድ ጊዜ የተቆላ ይሁን።

ጓደኛሞችን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ጥሩ። አብረው ይብሉ ወይስ በሦስት ክፍል ይለያዩ የሚለውን ዕጣ ይወስን። ብቸኞቹን ለብቻ፣ ጓደኛሞቹን ለብቻ መመልመል ትልቅ ስህተት ነው፤ ጓደኛ ይዞ የሚመጣና ብቻውን የሚመጣ ሰው ከመነሻው ሊለያዩ ይችላሉ። የማይተዋወቁ ሰዎችን ማሰባሰብም ውጤቱን ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ጥምር ትንተና ጭማሪው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል እንጂ በባዳዎች መካከል ጎልቶ እንደማይታይ አሳይቷል። መጀመሪያ ሴቶችን ከሴቶች፣ ወንዶችን ከወንዶች ጋር አድርጉ፤ በተለይ ሴቶች ወንዶች ፊት አበላላቸውን ሊቆጥቡ ይችላሉ።

ቀጠሮው ከቀኑ 10 ሰዓት ይሁን፤ ከ7 ሰዓት ወዲህ ምንም እንዳይበሉ ንገሩ። ቆሎ የጾም ምግብ ቢሆንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚጾም ሰው ረሃቡ ከሌላው ስለሚለይ ከዐቢይ ጾምና ከረመዳን ውጪ ያለ ጊዜ ምረጡ።

ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ ጎድጓዳ ሳህን 200 ግራም ቆሎ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጡ። ለብቸኛው 200፣ ለሦስቱ በአንድ ሳህን 600 ማቅረብ አይሆንም፤ የቀረበው ምግብ መጠን ራሱ አበላልን ይለውጣልና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሳህኑን የሚጨርስ ከተገኘ መጠኑን ጨምራችሁ ሙከራውን እንደገና ጀምሩ፤ ሳህን ባዶ ከሆነ ፍላጎቱ ሳይሆን የሳህኑ ልክ ነው የተለካው። ሚዛኑ 1 ግራም የሚለይ ይሁን፣ ሲመዘንም ተሳታፊው አያይ።

ብዙዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። አበላሌ እየታየ ነው ብሎ ያወቀ ሰው ቀንሶ ይበላል። ስለዚህ ሥራው የጣዕም ግምገማ ነው በሏቸው፤ ጨውንና አቆላሉን የሚገመግሙበት ወረቀት ስጡ፣ ከዚያ «የቀረውን እንደፈለጋችሁ» ብላችሁ ውጡ። ረሃብን ቀድማችሁ አንዱ ጫፉ «ምንም አልራበኝም»፣ ሌላው «በጣም ርቦኛል» በሆነ የ100 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ አስምልክቱ፤ ቁመትና ክብደት መለካት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ሲወጡ ጥናቱ ስለምን እንደመሰላቸው ጠይቁ፣ የገመተውንም መዝግቡ። ከዚያ እውነቱን ግለጹላቸው። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የስኳር ሕሙማንና የአመጋገብ መታወክ ያለባቸው አይካተቱ።

ሰዓቱን 20 ደቂቃ ብትገድቡ ከውጤቱ የተወሰነው ይጠፋል፤ አብሮ መብላት የሚያበዛው አንድም ማዕዱን ስለሚያረዝም ነውና። ነጻ ብትተዉት ይሻላል፣ ግን ደቂቃውን መዝግቡ።

«ለምን ይህን ያህል በላህ?» የሚለው መልስ ማስረጃ አይሆንም። ሰው ረሃቡንና ጣዕሙን ይጠቅሳል እንጂ አብሮት የበላውን አያነሳም።

ስትተነትኑ ሃያ ቡድን ስልሳ ሰው ነው ብላችሁ አትቁጠሩ። አብረው የበሉ እርስ በርስ ይኮራረጃሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላውም እጁን ይሰበስባል። መለኪያችሁ የቡድኑ አማካይ ይሁን። ይህ አንድ በር ይከፍታል፦ በመሶብ ዙሪያ ማን ስንት እንደበላ መለየት ባይቻል፣ ጉርሻው ከማን ወደ ማን እንደሄደ ባይታወቅ እንኳ፣ ትሪውን በፊትና በኋላ መዝኖ ለሦስት ማካፈል ይበቃል። እንጀራና ወጥ ከሆነ ግን ያንኑ ያህል ምግብ የያዘ፣ ማንም የማይነካው ሌላ ትሪ እዚያው ክፍል አስቀምጡና በትነት ያጣውን ግራም ከልዩነቱ ቀንሱ።