ልጅ ይዞ ምሳ ማብሰል፦ የሚቋረጥ ሥራና የማይቋረጥ ሥራ

ምስር ወጥ መሥራት ብዙም አይከብድም። የሚከብደው እግር ላይ የተጠመጠመ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ይዞ መሥራቱ ነው። የእኛ ወጥ ጊዜ ይወዳል። ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ይቁላላ፣ በርበሬው ይብሰል፣ ውሃ ጠብ እየተደረገ ይማሰል… አንድ ሰዓት ድስት ሥር ያቆማል። ልጁ ደግሞ አሥር ደቂቃ ከሰጠ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ያንን አንድ ሰዓት መቆራረጥ ያስፈልጋል።

ይሄ ጽሑፍ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነ ልጅ ይዘው፣ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ሌላ አጋዥ ሳይኖራቸው ለሚያበስሉ ነው። አባቶች፣ እናንተም አላችሁበት።

መጀመሪያ ሥራውን ለዩት

የወጥ ቤት ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መሃል ላይ ቢቋረጥ ምንም አይሆንም። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ምስር መልቀምና ማጠብ፣ ክክ መዘፍዘፍ፣ ድንች መቀቀል፣ ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት ከዚህ ውስጥ ናቸው። ልጁ ካለቀሰ ምድጃውን አጥፍታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ታበሩታላችሁ። ወጡ አያኮርፍም።

ሌላው ግን ከተጀመረ ማለቅ አለበት። በርበሬ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ዞር ካሉበት ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ሽሮ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ገንፎ ሲገነፋ፣ ማንኛውም ነገር ዘይት ውስጥ ሲጠበስም እንደዚሁ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ልጁ ነቅቶ እየተጫወተ ሳለ በየመሃሉ ሥሩት። ሁለተኛውን ሲተኛ፣ ወይም ሌላ ሰው ሲይዘው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ልጁ እንደተኛ ሽንኩርት ልጠን ከትፈን እንጨርስና በርበሬው ሲገባ እሱ ይነሳል።

ቁሌቱ ቅዳሜ ይለቅ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ለሳምንቱ የሚሆን ቁሌት በአንድ ጊዜ ይሠራል። ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ልጁን የሚይዝ ሰው ባለበት ሰዓት።

2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። መክተፉ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ሊሠራ ይችላል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በብሌንደር ማድቀቅ ይቻላል፣ ግን እኔ ብዙም አልወደውም። ሽንኩርቱ ውሃ ይሆንና ውሃው እስኪመጥ በእጅ ከመክተፍ ያተረፋችሁትን ጊዜ ምድጃው መልሶ ይበላዋል። የግድ ከሆነ ቁልፉን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ጎርደድ ብሎ እንዲቀር አድርጉ።

ሰፊ ድስት ውስጥ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቁላሉት። መያዝ ከጀመረ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃውን ጨርሶ ወርቃማ ሲሆን አንድ ተኩል የሻይ ብርጭቆ ያህል ዘይት፣ ከዚያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩና አምስት ደቂቃ ያህል አቆዩት።

እዚህ ላይ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ይሄ ነጩ ነው። ድስቱ ውስጥ የቀረው ላይ ወደ ስድስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩና የሞቀ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል በደንብ አብስሉት። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ስልክም አይነሳም። ዲሲ አካባቢም ሆነ ፍራንክፈርት አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ መስኮት መክፈት አትርሱ፤ የጭስ ደወሉ ጮኸ ማለት የተኛው ልጅ ተነሳ ማለት ነው።

ሲቀዘቅዝ በትንንሽ የምግብ ላስቲክ አንድ አንድ ጭልፋ እያደረጋችሁ ቋጥሩ። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስተኙት፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲፈለግም ቶሎ ይለቃል። ቀዩና ነጩ እንዳይቀላቀሉ ለየብቻ ይቀመጡ። ፍሪጅ ብቻ ካላችሁ ከሦስት ከአራት ቀን በላይ አታቆዩት፤ ያኔ 1 ኪሎ ሽንኩርት ይበቃል። መብራት ከጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ሳይከፈት ከቆየ፣ ግማሽ በግማሽ የተሞላ ፍሪዘር እንኳ ቅዝቃዜውን አንድ ቀን ያህል ይይዛል።

ልጁ የት ይሁን?

አዝሎ ሽንኩርት መክተፍ ይቻላል። አዝሎ ዘይት መጥበስ ወይም የፈላ ውሃ ማንጠፍ ግን አይቻልም። የታዘለ ልጅ በጎን አሾልቆ እጁን ይልካል፤ ያየውን ሁሉ መንካት ይፈልጋል።

ከምድጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ያለ ቦታ ምንጣፍ አንጥፉለትና ክዳንና ጭልፋ ስጡት። ሁለት ዓመት ከሞላው ደግሞ እውነተኛ ሥራ ስጡት። የታጠበ ጎመን ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ቅጠሉን ይበጥስ። የሚበጥሰው ያማረ አይሆንም፣ ግን ወጥ ውስጥ ሲገባ ማን ያየዋል? ድንች በውሃ ማጠብም ይወዳሉ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር ግን መጫወቻ አድርጋችሁ አትስጡ፤ ወይ አፍንጫ ውስጥ ይገባል ወይ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የድስት እጀታ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ይዙር። የውሃ ማፍያው ገመድ ከጠረጴዛ ላይ አይንጠልጠል። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ምድጃው ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ግን ይገድላል። ልጅ ከተቃጠለ ደግሞ ቁስሉን የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባለውን ነገር ተዉት፤ ሙቀቱን እዚያው ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛል።

የሰኞ ምሳ፦ ምስር፣ ለሁሉም በአንድ ድስት

ለልጅ ለብቻው ማብሰል ጊዜን ይበላል፤ ከዚያም በላይ ልጁ የቤቱን ምግብ ሳይለምድ ያድጋል። በርበሬው ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ ማውጣት ይበቃል።

ጠዋት ልጁ ቁርስ ላይ እያለ አንድ የውሃ ብርጭቆ ምስር ክክ ልቀሙና እጠቡ። ሁለት ድንችና አንድ ካሮት ልጣችሁ በትንንሹ ክተፉ። እዚያ ላይ ቢቋረጥ ችግር የለም፤ ድንቹ ውሃ ውስጥ ይቆይ።

ምስሩን፣ ድንቹን፣ ካሮቱን፣ አንድ ላስቲክ ነጭ ቁሌትና ትንሽ እርድ ድስት ውስጥ ከ3 ብርጭቆ ውሃ ጋር ጣዱት። ምስር አረፋ ይዞ ይገነፍላልና ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። መሃል ላይ ማጥፋት ካለባችሁ አጥፉ። የልጁ ዳይፐር ተቀይሮ ስትመለሱ ምስሩ በራሱ ሙቀት ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቃችኋል።

ሲለሰልስ፣ ጨው ከመግባቱ በፊት፣ ለልጁ አንድ ሁለት ጭልፋ አውጡ። በማንኪያ ጀርባ ዳመጥ ዳመጥ አድርጉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምሩበት። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ምስር ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲሆን ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል። ሻይ ደግሞ ይከለክለዋልና ከምሳ ጋር ለልጅ ሻይ መስጠት ይቅር። በእንጀራ ፈትፍቱለት። ማንኪያ ላይ ሲቀመጥ ተዝረክርኮ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ቀጭን ነገር ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠነክርም። አጥሚት ብቻ እየጠጣ የሚውል ልጅ የማይከብደው አንዱ በዚህ ነው።

አሁን ድስቱ ውስጥ የቀረው ላይ አንድ ላስቲክ ቀይ ቁሌት ጨምሩ። በረዶ ቢሆንም ግድ የለም፣ እዚያው ይሟሟል። አሥር ደቂቃ ይንተክተክ፣ ጨው ይግባ፣ አለቀ። በርበሬው ቅዳሜ ስለበሰለ ጥሬ ጥሬ አይልም። ለሁለት አዋቂ ይበቃል።

ሌሎቹ ቀናት

ሽሮም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ዱቄቱ በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ ከሆነ ማለት ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ይሄን ልጁ አጠገባችሁ ቆሞም ይሠራል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ከነጭ ቁሌት ጋር ሲፈላ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ከዚህ በኋላ ልጁ ራቅ ይበል። ሽሮ ሲንተከተክ ይረጫል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ጠለቅ ያለ ድስት ተጠቀሙ። ከ15 ደቂቃ በኋላ የልጁ ይወጣል፣ የቀረው ላይ ቀይ ቁሌት።

ዱባ አልጫ፣ ድንች አልጫ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፦ ነጭ ቁሌት ብቻ፣ ምንም መለየት የለም።

ምንም ማድረግ ባልተቻለበት ቀን ቂንጬ አለ። አንድ ብርጭቆ ቂንጬ በሁለት ተኩል ብርጭቆ ውሃ፣ በትንሽ እሳት፣ 20 ደቂቃ ገደማ። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሮ ከላይ። እንዲህ ያለ ቀን ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ማንም ደግሞ አይሞትበትም።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሁለት መክሰስ ይፈልጋል፤ ሆዱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከምሳው ሲወጣለት ለአሥር ሰዓትም የሚሆን ጨምራችሁ አውጡና ሳይነካ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሲሰጠው እስኪፈላ ይሙቅና ይቀዝቅዝለት። እንቢ ካለ ደግሞ ማንኪያ ይዛችሁ ሳሎን ለሳሎን አታባርሩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይሞከራል።

ጾም ሲሆን

ብዙ ቤት የሚያስቸግረው የልጁ ነገር ሳይሆን የዕቃው ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ጾም የለበትም፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመት ገደማ ነው። ግን ድስቱ በእንቁላል ወይም በቅቤ እንዳይነካ እየተፈራ ሁለት ወር ሙሉ ልጁም አብሮ ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለሚያድግ ልጅ ረጅም ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ማጠቢያ ስፖንጅ ለብቻው ይገዛና «የልጁ» ይባላል። ወተቱም እንቁላሉም ቅቤውም እዚያ ውስጥ ይሠራል። የምስሩ ድስት የጾም ሆኖ ይቆያል፣ ለልጁ የወጣው ላይ ቅቤው በራሱ ሳህን ይጨመራል።

የማይሰጡ ነገሮች

ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፣ ጠብታም ቢሆን፤ ለከባድ መመረዝ የሚዳርግ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ጨውም ከዓመት በፊት አያስፈልግም፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት ነው።

ቆሎ፣ ለውዝና ፈንድሻ አራት አምስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ይቆዩ። ቡና ሲፈላ እንግዳው ሁሉ ከሳህኑ ቆንጠር አድርጎ «እንካ የኔ ጌታ» ይላል፤ ክልከላው ያስቀይማል ብላችሁ አትፍሩ። ለልጁ በዚያ ሰዓት ዳቦ ወይም በደንብ የበሰለ ሙዝ አዘጋጁለትና ሳህኑን እሱ ፊት አስቀምጡት። ልጅ የሚበላው ደግሞ ተቀምጦ ነው፤ እየሮጠ የጎረሰ ይታነቃል።

ልጁ ከበላበት ሳህን የተረፈው አይቀመጥም፤ ምራቅ ነክቶታልና ቶሎ ይበላሻል። ድስቱ ውስጥ የቀረው ቀይ ወጥ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ከገባ ለነገ ጠዋት የእናንተ ፍርፍር ይሆናል። እንጀራውን ማታ ቆራርሳችሁ አስቀምጡት።